ልቅሶ ቤት የጻፍኩት «እንኳን ደስ አላችሁ»

ባለፈው ቅዳሜ፣ ገበያው ደርቶ የድንች ተራው መርገጫ ባጣበት ሰዓት፣ አንዲት ፈረንጅ ልጅ ከጎንደር በመጣ ሚኒባስ ወርዳ በቀጥታ ወደ ቤቴ በር መጣች። እንግዳ ብርቄ አይደለም። ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚሁ ደባርቅ እንግዳ እያሳደርኩ፣ ወደ ተራራው ለሚወጡት በቅሎና ድንኳን እያከራየሁ ነው። ይቺ ግን አልጋም በቅሎም አልጠየቀችም። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝና አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እኔን ታይ ጀመር። ፎቶው ላይ ጢሙ ገና ያልሸበተ ሰው ካኪ ኮት ለብሶ፣ የወፍጮ መጅ የሚያክል ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ቆሟል። «ይሄ ሰውዬ አንተ ነህ?» አለችኝ በእንግሊዝኛዋ። ወላሂ፣ እኔ ነኛ! ኮቱንም አውቀዋለሁ፤ ባለቤቴ ዘሀራ በኋላ ቀዳድዳ የጫማ መጥረጊያ ያደረገችው ኮት ነው።

በእኛ አገር ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። በድያለሁ፣ ማሩኝ ማለት ነው። የተበደለው ሰው «አውርድ፣ ይቅር ለእግዜር» እስኪለው ድረስ ድንጋዩ አይወርድም። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ የሚያደርገው ነፍስ ያጠፋ ሰው ነው። እኔ ነፍስ አላጠፋሁም፣ አላህ ይጠብቀኝ። ግን የእኔን ዓይነት ነውር ከእኔ በፊት ደባርቅ ውስጥ የሠራ ሰው ያለ አይመስለኝም። ያ ድንጋይ ደግሞ እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ «አውርድ» ሳይባል ቆይቶ ነበር። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ።

ዘመኑን በቁጥር አልነግራችሁም። ዘሀራ «አንተ ዓመት ስትቆጥር ልጆቼ ሁሉ ከእኔ ይበልጣሉ» ትለኛለች። ብቻ ሰው ሁሉ ሚሊኒየም፣ ሚሊኒየም ማለት ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ከጎንደር ደባርቅ መንገዱ ጠጠር ነበር። አውቶብሱ ኮሶዬ ላይ ሲደርስ ብርዱ በመስኮት ይገባና ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይስባል። ዳባት ላይ ሾፌሩ ምሳውን ሲበላ እኛ በመስኮት እንቁላል እንገዛለን፤ የተቀቀለ፣ ጨውና ሚጥሚጣው በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ሦስቱ በአንድ ብር። ዛሬ በአንድ ብር ቅርፊቱንም የሚሰጥህ የለም። ደባርቅ ስንገባ ቅንድባችን በአቧራ ነጭ ሆኖ የገዛ ልጆቻችን እንኳ አያውቁንም። ሴቱ ኮንጎ ጫማ፣ ወንዱ ሸራ ጫማ ነበር የሚያደርገው። እኔ ከጎንደር ቅዳሜ ገበያ የገዛሁት ባለ አራት ኪስ ካኪ ኮት ነበረኝና በዚያ ኮት የማልገባበት ቤት አልነበረም። መናኸሪያው ጥግ ላይ ካሴት ቤት ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ የማሲንቆ ዘፈን ይለቃል። የቴፑ ባትሪ ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል፣ ቃሉ እየተጎተተ ይሄዳል፣ እኛም ለምደነው አብረን እንጎትተዋለን። አሁን ቦታው የሞባይል መጠገኛ ሆኗል፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ያ የተጎተተ ዘፈን ጆሮዬ ላይ ይመጣል።

ከካሴት ቤቱ ቀጥሎ የብርሃኑ ኢንተርኔት ቤት ነበር። ብሬ እንለዋለን። ድሮ በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ ይጽፍ የነበረ ሰው ነው፤ «ክቡር ሆይ» ብሎ ያልጀመረው ወረቀት የለም። ኮምፒውተር ሲገዛ አገር ሙሉ ሊያየው መጣ። በዳንቴል ሸፍኖት ነበር፣ እንደ ሙሽራ። መስመሩ ሲገናኝ የሚያሰማው ድምፅ ደግሞ! ሁለት ድመት አንድ ጆንያ ውስጥ የገቡ ነው የሚመስለው። ደቂቃው አንድ ብር ነበር። ዝናብ ከዘነበ መስመር የለም፣ ነፋስ ከነፈሰ መስመር የለም፤ ደባርቅ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ የማይጠፋበት አገር ነው።

በዚያ ጊዜ አስጎብኚው ሁሉ፣ በቅሎ ነጂውም ሳይቀር፣ ምስክር የምንለው ደብተር ነበረው። እንግዳው ከተራራ ሲወርድ ሁለት መስመር ይጽፍለታል፣ ቀጣዩ እንግዳ ያንን አንብቦ ይይዘዋል። ተራራው ላይ ያለችው የአምቢኮ መንደር በቅሎ ነጂ አያ ደሴ ፊደል አይቆጥሩም፤ ደብተራቸውን ግን በላስቲክ ጠቅልለው እንደ ክታብ ከደረታቸው አይለዩትም ነበር። አንዱ እንግዳ ምን እንደጻፈላቸው ያወቅነው ከስንት ዘመን በኋላ ነው። «ሰውዬው ወርቅ ነው፣ በቅሎዋ ግን ትናከሳለች» ይላል። ለካ ለዚያ ኖሯል እንግዳው ሁሉ በቅሎዋን ከሩቅ ሰላም የሚላት! አያ ደሴ ሲነገራቸው አልተቆጡም። «እውነቱን ነው የጻፈው፤ ትናከሳለች» አሉ።

እኔ ያኔ አራት ክፍል አዲስ ሠርቼ፣ አልጋውን አንጥፌ፣ ብርድ ልብሱን አጥፌ ቁጭ ብያለሁ። እንግዳ ግን የለም። ብሬ «ሰይድ፣ ምስክርህን ዓለም ሁሉ ያንብበው፣ ገጽ እንሥራልህ» አለኝና ሠራልኝ። የቤቱ ፎቶ አለበት፣ የበቅሎ ፎቶ አለበት፣ እኔም ኮቴን ለብሼ አለሁበት። ማን ይየው? ፈላጊው ላይ፣ ያንን የኢንተርኔቱን መፈለጊያ ፈላጊው ነበር የምንለው፣ የተራራችንን ስም፣ «ስሜን» ብለን ስንጽፍ የሰው ቤት ሁሉ ይወጣል፣ የእኔ የለም። ስሜን ብዬ ስሜን አጣሁት ማለት ነው። ብሬ ወደ ታች ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ብሩም ሲቆጥር፣ አራት አልጋዬ ባዶውን ሲያድር፣ ልቤ ደረቀ።

በዚህ መሀል ነው አንድ ሰው ከጎንደር የመጣው። ኢንጂነር ነኝ አለ፤ የምን ኢንጂነር እንደሆነ የጠየቀው የለም። በዚያ አቧራ ክራቫት አስሮ ሲወርድ ያየ ማን ይጠይቀዋል? ብሬ ቤት አስቀመጠኝና ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ።

«ጋሼ ሰይድ፣ ፈላጊው ማንን እንደሚያስቀድም በምን የሚያውቅ ይመስልዎታል?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ሌሎች ገጾች ስምዎን ሲጠሩ፣ ወደ እርስዎ ሲጠቁሙ ይቆጥራል። ብዙ የጠቆመለት ይቀድማል።»

«ምስክር ይቆጥራል በለኛ!»

«እንዲያ ነው ጋሼ። ምስክር ነው።»

«ምስክሮቹ ጭራሽ የማያውቁኝ ቢሆኑስ?»

ከት ብሎ ሳቀ። «ማሽን እኮ ነው! መስቀል አያስመታ፣ ቁርኣን አያስይዝ!»

ያኔ ተነሥቼ መውጣት ነበረብኝ። ምን ያደርጋል፣ ባዶ አልጋ ያለው ሰው ጆሮው ረጅም ነው። እሺ አልኩት። መጀመሪያ ገጼ ግርጌ ላይ «በቅሎ፣ ተራራ፣ ማደሪያ፣ በቅሎ፣ ተራራ» እያለ መቶ ጊዜ ደጋግሞ ጻፈ፤ በነጭ መደብ ላይ፣ በነጭ ፊደል። ሰው አያየውም፣ ማሽኑ ግን ያነበዋል አለ። ለዘሀራ ብነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «በነጭ ጋቢ ላይ በነጭ ክር ጥልፍ! ማን ሊያየው ነው?» አለችኝ። «ማሽኑ ያየዋል» አልኳት። «ታዲያ አልጋችን ላይ የሚተኛው ማሽኑ ነው?» አለችኝ። ኢንጂነሩ ቀጥሎ «ወዳጆቻችን» የሚል ገጽ ከፈተልኝ፤ እኛ ወደ እነሱ፣ እነሱ ወደ እኛ እንጠቁማለን አለ። እነማን እንደሆኑ አልጠየቅኩም። ብሬ ነው አንድ ቀን አፉን በእጁ ከልሎ የነገረኝ፤ ግማሹ የራሰ በራ መድኃኒት ሻጭ ነው፣ ግማሹ ቁማር ቤት! አምስት ወቅት የምሰግድ ሰውዬ ለቁማርተኛ ስመሰክር ከርሜያለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፈርኩ፤ ግን ሥራው ይዞ ነበር። ስሜ ከማይታይበት ተነሥቶ መጀመሪያው ገጽ ላይ ወጣ። ሁለት ክፍል ተያዘ። እፍረቴን ዋጥኩት።

ቀጥሎ የመጣው የእንግዳ መዝገቡ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ገጽ ጎብኚ የሚጽፍበት ቦታ ነበረው። ኢንጂነሩ «በእያንዳንዱ መዝገብ ገብተው ስምዎን ይተው» አለኝና አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጽፎ ሰጠኝ። «ገጻችሁ በጣም ደስ ይላል፣ የእኛንም ጎብኙ» የሚል ነው። ገልብጦ መለጠፍም አስተማረኝ። ከዚያ በኋላ ማን ያቆመኝ? በአንድ ጣት ቀጭ፣ ቀጭ! የአሳ አጥማጆች ማኅበር ገባሁ፣ የዱባ ውድድር ገባሁ፣ የማላውቀው ሰው ሠርግ ገባሁ። ሳላንኳኳ፣ ሰላም ሳልል፣ ገጹን ሳላነብ «ደስ ይላል» ብዬ እወጣለሁ። የሰው ቤት በርግዶ ገብቶ ግድግዳ ላይ የራስን ስም ጽፎ መውጣት እንደሆነ ያኔ አልታየኝም።

አንድ ቀን «ስሜን» ብዬ ስፈልግ አንድ ገጽ መጣ። ፎቶው ቀስ እያለ፣ ከላይ ወደ ታች እየተጋረደ ወጣ። መጀመሪያ ያ ተራራው ላይ የሚበቅለው ረጅም ተክል፣ ጅብራ ታየ። የእኛ ጅብራ! ቀጥሎ ባርኔጣ፣ ቀጥሎ አንድ ሳቂታ ፈረንጅ፣ ቀጥሎ በቅሎ። ሰውዬው የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል። ዙሪያውን አበባ ነው፤ ቀይ አበባ፣ ነጭ አበባ። ከሥሩ ስሙ አለ፣ ከስሙ ሥር ሁለት ዓመተ ምሕረት በሰረዝ ተያይዟል፤ ከዚህ እስከዚህ። ዓይኔን ግንባር ያድርገውና ሌላ ነገር አልታየኝም። ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት አገልግሎ ጡረታ ወጣ ብዬ ነው የገባኝ። አበባውን የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ አበረከቱለት ብዬ። ሳቅና አበባ ያለበት ልቅሶ የት አውቄ! በእኛ አገር ልቅሶ ቤት ድንኳን ነው፣ ጥቁር ነው፣ ደረት ነው።

ልቤ በደስታ ሞላ። ተራራችንን ያየ ሰው ተሸለመ ብዬ፣ ለዚህስ የተገለበጠ ቃል አይበቃም፣ ከራሴ ልጻፍ አልኩ። በዚያች በማውቃት እንግሊዝኛ አንድ ሰዓት ሙሉ ጻፍኩ። «እንኳን ደስ አላችሁ! ይህ ቀን በመድረሱ እኛም በጣም ደስ ብሎናል። ይህ መልካም ሰው ቤተሰቡን ይዞ ደግሞ ይምጣ፣ ጠንካራ በቅሎ አለን» አልኩና ስሜን፣ የቤቴን ስምና የገጼን አድራሻ አስቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉ ልጥፍ ውስጥ ከልቤ የጻፍኩት እሱን ብቻ ነበር።

በሳምንቱ ብሬ አስጠራኝ። ስገባ አልተነሣም፣ አልሳቀም። «ደብዳቤ መጥቶልሃል» አለኝና ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበልኝ። «ባለቤቴ ሞቷል። ማን እንደሆንክ አላውቅም። ይህ ቀን በመድረሱ ለምን ደስ አለህ?» ይላል። ከዚህ ሌላ ቃል የለውም።

ክው አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ድገመው» አልኩት፣ ደገመው። ልቅሶ ቤት ገብቼ እልል ብያለሁ። ሬሳ ፊት ቆሜ በቅሎ አለኝ፣ አልጋ አለኝ ብያለሁ። ያቺ ሴትዮ ባሏን ቀብራ፣ ማን አጽናናኝ ብላ መዝገቡን ስትከፍት ያገኘችው እኔን ነው። እኔ ለአባቴ ቀብር አላለቀስኩም ነበር፣ የዚያን ዕለት ግን ብሬ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንባዬ ወረደ። ብሬ «ይቅርታ ብለን እንጻፍላታ» አለኝ። ምን ብዬ? ደግሞ ሌላ ቃል? ያበላሸሁት በቃል አይደለም እንዴ?

ያን ሰሞን አያ ደሴ ከአምቢኮ ወርደው እኔ ቤት አርፈው ነበር። ነገሩን ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «እስቲ ሰውዬውን አሳየኝ» አሉ። ብሬ ቤት ወስጄ አሳየኋቸው። ሰውዬውን አላዩትም፣ በቅሎዋን ነው ያዩት። ጣታቸውን ወደ ኮርቻዋ ዘረጉ።

«ይች ኮርቻ የአምቢኮ ናት» አሉ። «አየህ ልጄ ሰይድ፣ ይህ ሰውዬ ውሃችንን ጠጥቷል፣ እንጀራችንን በልቷል። እንግዳችን ነው። ልቅሶው የእኛም ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ አያ ደሴ? ይቅርታ ብዬ ልጻፍ?»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። የሰው ሐዘን የረገጠ ሰው በአገራችን ምን ያደርጋል? ድንጋዩን ይሸከማል እንጂ ወረቀት ይልካል እንዴ?»

«ባሕር ማዶ ናት እኮ! የት ሄጄ ልቁምላት?»

ወደ ኮምፒውተሩ በአገጫቸው ጠቆሙ። «ነውሩን የት ሆነህ ሠራኸው? እዚሁ አይደል? እዚሁ ቁምላታ።»

ድንጋዩን ራሳቸው መረጡ። እኔ አንዷን ትንሽዬ አንሥቼ ነበር፤ «ይቺማ የልጆች መጫወቻ ናት» አሉና መጇን አመጡ። ቅዳሜ ነበር፣ ያውም ረፋድ፣ ገበያው ጢም ብሎ! ብሬ በር ላይ ድንጋዩን አንገቴ ላይ አድርጌ አጎነበስኩ። አንድ አስጎብኚ ካሜራ ነበረውና አነሣኝ። እስኪያነሣኝ ገበያው ተገልብጦ መጣ። «ሰይድ ማንን ገደለ?» ይላል አንዱ። «ኧረ ከፈረንጅ ጋር ነው አሉ» ይላል ሌላው። «የስንት ሰው ነፍስ አጠፋ?» ይላል ሦስተኛው። ወሬ እግር የለው፣ ከአውቶብስ ይቀድማል። ዳባት ያለችው እህቴ ከድጃ ከሰዓት በኋላ ከመኪና ላይ ደረቷን እየመታች ወረደች። «ወንድሜ ማንን ነው የገደልከው!» ማንንም እንዳልገደልኩ፣ ኢንተርኔት ላይ የማላውቀው ሰው ልቅሶ እንዳበላሸሁ ሳስረዳት እንባዋን ጠረገችና «ለዚህ ነው ሥራዬን ጥዬ የመጣሁት?» ብላ በጥፊ ልትለኝ ቃጣት።

ፎቶውን ለመላክ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ሦስቴ ተቋረጠ። ከፎቶው ጋር ደብዳቤ ላክሁ። ብሬ ልጻፍልህ ቢለኝ እምቢ አልኩ፤ ነውሩ የእኔ፣ እንግሊዝኛውም የእኔ። እንዳልገባኝ፣ ጡረታ መስሎኝ እንደነበር፣ ባሏ የእኛ እንግዳ እንደነበረ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ የአገሩን ወግ አስረዳሁ፤ አውርድ ካልሽኝ አወርዳለሁ፣ ካላልሽኝ ድንጋዩ አይወርድም። ይህን በእንግሊዝኛ እንዴት እንዳልኩት በኋላ ትሰማላችሁ።

ሳምንት ጠበቅን፣ ሁለት ሳምንት ጠበቅን፣ መልስ የለም። ድንጋዩን ምን ላድርገው? ተሸክሜው አልተኛ። ፍርዱን አያ ደሴ በዚያው ቅዳሜ ማታ ሰጥተው ነበር። «አውርድ ሳትባል መሬት አይነካም፤ አጥሩ ላይ አስቀምጠው። አጥሩ ድንጋይ ነው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው፣ መሬት ነካ አይባልም።» ደጃፌ አጠገብ ካቡ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ከብሬ ጋር ቁጭ ብለን ነጩን ጥልፍ ፈታን፣ ቁማርተኞቹን አባረርን። ለጥፌባቸው ወደነበሩት መዝገቦች፣ ያስታወስኩትን ያህል፣ እየዞርኩ «ያለፈውን የጻፍኩትን እባካችሁ አጥፉልኝ» እያልኩ ለመንኩ። የዱባ ውድድሮቹ ሰዎች በጣም ደግ ነበሩ።

ብዙም ሳይቆይ ፈላጊው ራሱ ነቃ። የሐሰት ምስክር የሰበሰበውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አራገፈ፣ እኔንም ከነአዲሱ ንስሐዬ። የቤቴ ስም ጠፋ፤ ብሬ ጣቱ እስኪደክም ቢወርድ የለም። የኢንጂነሩ ስልክ አይነሣም። አራቱም አልጋ እንደገና ባዶ። የገረመኝ ግን ባዶው አልጋ አልነበረም የሚያስጨንቀኝ። ሌሊት ዓይኔን ስከድን የማያት ያቺን መልኳን የማላውቃትን ሴትዮ ነበር።

አንድ ቀን ብሬ ሱቁን ከፍቶ ጥሎ እየሮጠ መጣ። ብሬ ሮጦ አያውቅም። ሄደን አየን። የሰውዬው ገጽ ላይ፣ ከሳቂታው ፎቶ አጠገብ፣ እኔ ድንጋዬን ተሸክሜ ቆሜያለሁ። ከሥሩ ሴትዮዋ ጽፋለች፤ «ይህ ሰው ባለቤቴን አያውቀውም ነበር። ለእሱ ሲል ግን በአገሩ ሰው ፊት ድንጋይ ተሸክሟል። ወደ ተራራው ከሄዳችሁ እሱ ቤት እደሩ።» ከዚያ የቤቴ ስም፣ ሲጫኑት ወደ ገጼ የሚወስድ። አንድ ምስክር። አንዲት ብቻ፣ ግን የምታውቀኝ። ሟቹ አስተማሪ ኖሯል፣ ተማሪዎቹ ያንን እያነበቡ አንድ በአንድ መጡ። እነሱ ደግሞ በየራሳቸው ገጽ ጻፉ። ስሜ ካለበት ጉድጓድ በእንብርክኩ እየዳኸ ወጣ።

ግን «አውርድ» አላለችኝም። ደግሜ ልጻፍ ብል አያ ደሴ ከለከሉኝ። «ይቅርታ ይለመናል እንጂ አይወተወትም» አሉ። ስንት ዓመት ሙሉ ደባርቅ በወረዱ ቁጥር መጀመሪያ ድንጋዩን ያያሉ፣ ቀጥሎ እኔን። «አልወረደም?» «አልወረደም።» የመጨረሻዋን ጊዜ ልጠይቃቸው አምቢኮ ስወጣ፣ ከመደቡ ቀና ብለው ያሉኝ ያችኑ ነው። «አልወረደም?» አልወረደም አልኳቸው። «ይወርዳል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ ድንጋይም እንዲሁ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ መንገዱ የተዘጋበት፣ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ያለበት ክፉ ጊዜ መጣ፣ አለፈም፤ አልሐምዱሊላህ። ካቡ ፈርሶ ሲጠገን እንኳ ግንበኛው ድንጋዩን እስኪጨርስ እቅፌ ውስጥ ይዤ ቆሜያለሁ። አሁን ደግሞ ሰው ስልክ ይደውልልኛል። «ጋሼ፣ ሺህ አስተያየት ባለ አምስት ኮከብ እንሥራልዎት፣ ሁሉንም ማሽን ነው የሚጽፈው» ይለኛል። «ልጄ፣ ድንጋይ ትችላለህ?» እለዋለሁ። ያበደ ሽማግሌ ነው ብሎ ይዘጋዋል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። የሟቹ የልጅ ልጅ ናት። ተቀመጪ አልኳት፣ ዘሀራ ሻይ አመጣች። አያቷ፣ ያቺ ሴትዮ፣ ከጥቂት ወራት በፊት ማረፏን ነገረችኝ። ዕቃዋን ስታነሣ የእኔን ደብዳቤ አግኝታዋለች፣ ታትሞ፣ ከመተጣጠፉ የተነሣ ሊቀደድ ደርሶ። ከቦርሳዋ አወጣችው። መጨረሻው መስመር ሥር በእርሳስ ተሰምሮበታል፣ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አለ። የእኔ እንግሊዝኛ ናት፤ ወደ አማርኛ ስትመለስ እንዲህ ነው የምትለው። «አንቺ ታች ትያለሽ፣ እኔ ታች። አንቺ አትይም፣ ድንጋይ ታች የለም።»

«አያቴ እስክትሞት ይህ መስመር አልገባትም» አለችኝ። «ለሰው ሁሉ ታሳይ ነበር። ‹ይህ ሰውዬ የሆነ ነገር እየለመነኝ ነው፣ ምን እንደሆነ ባውቅ ኖሮ እሺ እለው ነበር› ትል ነበር። እሱን ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ምን ነበር የለመንካት?»

ያ ረቢ! ያን ሁሉ ዓመት እኔ እዚህ ቃሏን ስጠብቅ እሷ እዚያ ቃሌን ስትፈታ ኖራለች። እኔ የጨከነችብኝ መስሎኝ! በእኔ እንግሊዝኛ ሁለተኛ አልሞክርም ብዬ ወደ ጓዳ ተጣራሁ፤ ያስረዳቻት የልጅ ልጄ ሐያት ናት፣ የእሷ እንግሊዝኛ የኢንጂነር እንጂ የበቅሎ ነጂ አይደለም። ልጅቷ ሰምታ ስትጨርስ ወደ ካቡ ዞረች። «ያ ነው?» አለች። ያ ነው።

ተነሣሁ። ዘሀራ «ወገብህን!» ብላ ጮኸች። «ዝም በይ፣ ይሄ የወገብ ጉዳይ አይደለም» አልኳት። ድንጋዩን ከካቡ አንሥቼ አንገቴ ላይ አደረግኩና ልጅቷ ፊት አጎነበስኩ። አጥንቴ ተንቋቋ፤ ያኔ እንዲህ ከባድ አልነበረም። የገበያው ሰው እንደ ድሮው ተሰበሰበ፣ ማንን ገደለ ያለ ግን የለም፤ ሽበታሞቹ ሁሉ ያውቁታል። ዘሀራ ልጅቷን ቃሉን ታስተምራታለች። «አውርድ በይው። ኧረ ቆይ፣ ሽማግሌ ነው፣ ያውርዱ በይው።»

«ያ... ው... ር... ዱ» አለች ልጅቷ። ብላም አልቆመች። ሁለት እጇን ድንጋዩ ሥር ሰደደችና አብረን፣ እኔ ከወዲህ እሷ ከወዲያ፣ ቀስ አድርገን መሬት አስቀመጥነው።

ከዚያ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ማለት የነበረብኝን አልኳት። «አላህ ያጽናሽ፣ ልጄ። የሁለቱንም ነፍስ ይማር።» ሐያት ተረጎመችላት፤ ልጅቷ ግን ትርጉሙን ሳትጠብቅ ማልቀስ ጀምራ ነበር። እኔም አለቀስኩ፣ ዘሀራም አለቀሰች፤ ደህና ልቅሶ ሆነ።

ማግሥቱን ወደ ተራራው ከመውጣቷ በፊት ከሐያት ጋር ስልኩ ላይ አጎንብሰው ሲንሾካሾኩ አየኋቸው። ዛሬም ፈላጊው ላይ የቤቴን ስም ብትጽፉ መጀመሪያ የሚወጣላችሁ አልጋ አይደለም፣ በቅሎም አይደለም፤ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ነው። ከሥሩ አሁን በራሳችን ፊደል አንድ ቃል ተጨምሯል፤ «አወረደ» ይላል።